ጋሼ ጆሮና የልጁ ፒክአፕ

ሴት ልጁ ፒክአፗን ወደ ግቢው ስታስገባ፣ ጋሼ ጆሮ መጀመሪያ ያየው ከኋላዋ ተከትሎ የመጣውን ዘይት ነው። ከዋናው መንገድ ጀምሮ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ጠብ ጠብ ብሏል። መዶሻውን አስቀመጠና ጉልበቱን ይዞ ተንበርክኮ የመኪናዋን ሆድ አየ። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ በድንጋይ ተቦጭቋል።

«ደግሞ አጋጨሻት?» አላት ገና ከመቀመጫዋ ሳትወርድ።

«እኔ ምን አደረግሁ አባዬ? ድንጋዩ ነው የመታኝ።»

«ድንጋዩ ተነስቶ መጣብሽ?»

«በዚያ መንገድማ ይመጣል!»

መንገዱን እሱም ያውቀዋል። ከከተማው ጫፍ ተነስቶ ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ የሚወጣ ዳገት ነው። ከባድ መኪኖች ሲመላለሱበት ግራና ቀኙን ቦይ አስመስለው በልተውት፣ መሃሉ ላይ ድንጋዩ እንደ ጥርስ ገጥጦ ቀርቷል። ልጁ በየማለዳው ድንጋይ ፈላጭ ሴቶችን ከነውሃ በርሜላቸው ጭና ታወጣቸዋለች፤ ማታ ደግሞ ታወርዳቸዋለች። ከባሏ ከተለየች ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚህችው ፒክአፕ ነው። ፒክአፗ ግን የከተማ መኪና ናት። የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው፤ ሆዷ ለመሬት የቀረበ፣ ለአስፋልት የተሠራች።

«ከፍ አድርግልኝ» አለችው ፊት ለፊቱ ቆማ። «አንድ ስንዝር።»

«ስንዝር! ፒክአፕ ነው ወይስ ቀጭኔ ነው የምትነጂው?»

«እንግዲህ ቀልድ ጀመርክ።»

«አልቀለድኩም። ስሚኝ። ከፍ ስላልሽ የፊት ጎማሽ መግፋት አይጀምርም። ጭቃ ውስጥ ከገባሽ እንደ ድሮሽ ነሽ፤ ከፍ ብለሽ ትቆሚያለሽ እንጂ አትወጪም።»

«ጭቃውን አውቅበታለሁ። ያልቻልኩት ድንጋዩን ነው።»

ጋሼ ጆሮ እጁን በሻሲውና በመሬቱ መካከል አስገብቶ ለካ። «አራት ጣት» አለ።

«አምስት አድርገው።»

«አራት። አምስተኛዋ ጣት መሪሽን ይዛብሽ ትሄዳለች።»

ልጁ ዞር ብላ አንድ ነገር አለችና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። የሳቀው ያለችው ገብቶት ይሁን የሷን ሳቅ አይቶ፣ ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም።

ጋሼ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። ሙያው ባሌስትራ ነው። በመኪና የኋላ ጎማ በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ቅንድብ ጎበጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች ተደራርበው ጭነቱን ይሸከማሉ፤ እሱ እነዚያን ሲያጎብጥ፣ ሲጨምር፣ ሲቀይር ጥርሱን ነቅሏል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበሩና ዓይን የሚባል ነገር አያምኑም ነበር። እያንዳንዱን ብረት ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ይመቱታል። ደህናው ብረት ረጅም ይጮሃል፤ ድምፁ ጣሪያውን ዞሮ ዞሮ ነው የሚሞተው። ስንጥቅ ያለበት ግን፣ ስንጥቁ ከፀጉር ቢቀጥን እንኳ፣ ድምፁ ጉሮሮው ላይ ታንቆ ይቀራል። «ጠይቀው፤ ይነግርሃል» ይሉት ነበር።

እሱም ጠየቀ፤ ብረቱም ነገረው። ሌላው መካኒክ በዓይኑ አገላብጦ ደህና ነው ያለውን ብረት፣ እሱ አንዴ መትቶ «ይሄ ነገ ይሰበራል» ብሎ ይጥለዋል። ሌሎቹ የናፍጣና የጠመኔ ዘዴ አላቸው። ብረቱን በናፍጣ አጥበው፣ ጠርገው፣ የጠመኔ ዱቄት ይነሰንሱበትና ይጠብቃሉ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የተደበቀው ናፍጣ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ይሥላል። ጋሼ ጆሮ በዚህ ዘዴ ሲያሾፍባቸው ኖሯል። «ፊቱን በዱቄት ቀብታችሁ ልትድሩት ነው? ጆሮ የላችሁም እንዴ?» ይላቸው ነበር።

የጆሮ መሄድ ሕመም የለውም። ያመመው ቀን ቢኖር ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር። መጀመሪያ የሄደው የማንቆርቆሪያው ክዳን ነው፤ ውሃው ሲፈላ እየተንደቀደቀ ሲጠራው የኖረ ክዳን አንድ ቀን ዝም አለ። ቀጥሎ የጎረቤት ሬዲዮ ጠፋ። ከዚያ ሚስቱ ከጓዳ ሆና የምትለው ነገር። በመጨረሻም፣ ሌላውን ሁሉ ችሎት የነበረ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ባሌስትራውን መትቶ ሲጠብቅ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ አየ እንጂ ምንም አልሰማም። ደግሞ መታው። ገመዱ ብቻ ተንቀጠቀጠ።

ለማንም አልተናገረም። ጆሮ የሌለው ጋሼ ጆሮ ዘንድ ማን መኪና ይዞ ይመጣል? ደግሞ እንጀራ ብቻ አይደለም ነገሩ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያሳልፈው፣ ሾፌር ከመኪናው ወርዶ እጁን ሲጨብጠው፣ ያ ሁሉ አክብሮት የተንጠለጠለው እዚያ ገመድ ላይ ነበር። ናፍጣና ጠመኔውን እንዳይጀምር፣ ያን ያህል ዘመን ያሾፈበትን ዱቄት በእጁ ይዞ የታየ ቀን ሁሉም ነገሩን ያውቃል።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ሰው ሲስቅ ይስቃል። ደንበኛ ሲመጣ «እስቲ ፊት ለፊቴ ቆመህ ንገረኝ፤ ዓይኑን ያላየሁትን ሰው አላምንም» ይለዋል፤ ሰውየው እንደ ጨዋታ ይወስደውና እየሳቀ ይቆምለታል። ጋሼ ጆሮ ከንፈሩን ያነባል። ያላገኘውን ደግሞ «እህ፣ ልክ ብለሃል» ብሎ ያልፈዋል። ቤት ውስጥማ ሚስቱ አላስቸገረችውም። በስተርጅና ፍቅሯ ብሶባታል፤ አንዲት ቃል ለመናገር እንኳ ከጓዳ ወጥታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምትናገረው። ይሄ ነገሯ ደስ ይለው ነበር።

ለብረቱ ያገኘው ዘዴ በያጁ ነው። በያጁ በዚያው ግቢ ቦታ ተከራይቶ የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ምስጢር አይችልም። የታነቀ ድምፅ ሲሰማ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊቱ ጭምድድ ይላል። ይህን ራሱም አያውቀውም። ጋሼ ጆሮ ግን አስተውሎታል። ብረቱን ይመታል፤ ዓይኑን ወደ በያጁ ይወረውራል። የበያጁ ፊት ከተጨማደደ ብረቱ ይጣላል፤ ካልተጨማደደ ይገባል። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ያህል ሰንብቷል።

የልጁ ፒክአፕ ሥራ በማግስቱ ጠዋት ተጀመረ። የተቦጨቀውን የዘይት ማጠራቀሚያ በያጁ ወስዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። አባትና ልጅ የፒክአፗን ጀርባ በክሪክ አንስተው፣ ከሻሲው ሥር ወፋፍራም ጉማጅ እንጨት ደገፉበት፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አገዱ። ልጁ መፍቻ ስትይዝ ያየ የጋራዥ ልጅ መሆኗን ይለያል፤ የዛገውን ብሎን በጉልበት አትታገለውም፤ ዘይት ጠብ አድርጋበት ሌላ ሥራ ሠርታ ትመለሳለች። ባሌስትራዎቹን ፈትተው ካወረዱ በኋላ ግን ጋሼ ጆሮ ላካት።

«ቶርኖ ቤት ሂጂ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፎ የሚይዘው ብሎን አሁን ያጥረዋል፤ ብረት ስለምጨምር ረዘም ያለ ያውጣልሽ። ለፊቱ ሞላ ደግሞ ከላዩ የሚደረቡ ሁለት ቀለበቶች ያስፈልጉኛል። ቁጭ ብለሽ አሠሪው፤ ካልተቆጣጠርሽው አጭር ያወጣልሻል።»

«ብረቱን ስትፈትሽ ላግዝህ እንጂ።»

«የኔ እናት፣ እሱን ለኔ ተዪው።»

ሄደች። ሲፈትሽ ሰው አጠገቡ እንዲኖር አይፈልግም፤ በተለይ እሷ። በልጅነቷ እዚያው ጋራዥ ውስጥ፣ የመኪና ወንበር ላይ፣ በብረቱ ጩኸት እንቅልፍ ሲወስዳት ያደገች ናት። የሷን ጆሮ ከማንም በላይ ይፈራዋል።

አሮጌዎቹን ብረቶች አንድ በአንድ አንጠለጠለ፤ መታ፤ ወደ በያጁ አየ። በያጁ ጭንብሉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ የዘይት ማጠራቀሚያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በብሩሽ ይፈትገዋል። ፊቱ የተኛ ሕፃን ይመስላል። ደህና ነው። ቀጥሎ ከአሮጌ ብረት ክምሩ ውስጥ ስፋታቸው የሚገጥም ሁለት መረጠ፤ ለያንዳንዱ ጎን አንድ አንድ የሚጨመሩት እነዚህ ናቸው። መታ፤ አየ። የበያጁ ፊት አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን መታ፤ አየ። በያጁ አፍንጫውን አከከ። ጋሼ ጆሮ ብረቶቹን ከገመዱ አወረዳቸው።

የቀረው ሥራ እጁ የሚያውቀው ነው። አሮጌዎቹን ብረቶች መቀጥቀጫው ብረት ላይ እያገላበጠ፣ በረድፍ በረድፍ በመዶሻ እየነካካ መልሶ አጎበጣቸው። የሚጨመሩትን ልካቸው ላይ ቆርጦ በመካከል አስገባና በመሃል ብሎን አጠበቃቸው። ልጁ ከቶርኖ ቤት ስትመለስ ገጠሙት። የፊቱን ሞላ በመጭመቂያ አስረው ቀለበቱን ደረቡበት፤ እዚህ ላይ ጋሼ ጆሮ ልጁን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ራሱ ነው የሠራው፤ ያመለጠ ሞላ ሰው ይገድላል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ተወጥሮ ስላየው ማሰሪያውን ፈትቶ ዝቅ ብሎ እንዲታሰር አደረገ። የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫም አስተካከለ። በያጁ የደፈነውን የዘይት ማጠራቀሚያ መልሰው አሰሩና ዘይት ሞሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፒክአፗ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ቆመች፤ ቀና ብላ፣ ደረቷን ነፍታ።

ድንጋይ ፈላጮቹ ያን ቀን በእግራቸው ነበር የወረዱት። በበሩ ሲያልፉ አዩዋትና ገቡ።

«ኧረ ጉድ! በመሰላል ልንወጣ ነው?» አለች አንዷ።

በዕድሜ የምትበልጣቸው፣ ሁሉም እታለም የሚሏት ሴትዮ፣ ጎማውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ጎማው ላይ ረግጠን እንወጣለን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ እወጣ የለ እንዴ? ዋናው እሷ እንዳትገለበጥብን ነው። አይደለም እንዴ ጋሼ ጆሮ?»

«እህ፣ ልክ ብለሻል» አለ ጋሼ ጆሮ።

ልጁ አቅፋ ሳመችው፤ ፒክአፗን አስነስታ ሴቶቹን ጭና ሄደች። በአስፋልቱ ነው፤ ወደየቤታቸው። ዳገቱ ለነገ ማለዳ ነው።

እሱ መሣሪያውን ሲሰበስብ በያጁ እጁን ታጥቦ መጣ። ፊት ለፊት ቆመ። ከዚያም ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ ዘይት የጠጣ የጥጥ ድቡልቡል መዘዘ። ከሌላኛው ጆሮም ሌላ።

«ጋሼ፣ ነገ አልመጣም። ሐኪም ዘንድ ልሄድ ነው» አለ። «ጆሮዬን ሲወጋኝ ነው ያደረው። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ደፍኜው ዓለም ጭጭ ብላልኝ ዋለች።»

«ከጠዋት?»

«ከጠዋት። ቢተኮስም አልሰማ።»

ጋሼ ጆሮ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ብረቱን የመታው አይሰማም፤ ፊቱን ያነበበለት ሰውም አልሰማም። ከወራጁ ላይ ተንጠልጥሎ የጮኸውን ጩኸት፣ በዚያ ግቢ ውስጥ የሰማው ፍጡር የለም።

«እግዜር ይማርህ» ብሎ ሸኘው።

ያን ማታ ራቱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። ሚስቱ ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ዓይን ዓይኑን አየችው። «ምን ሆነሃል?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አላት። አልጋው ላይ ሆኖም ራሱን ሲያባብል ቆየ። ብረቶቹ ደህና ቢሆኑስ? ከክምሩ ሲመርጣቸው አገላብጦ አይቷቸዋል። ደግሞ አዲስ የተገጠመ ባሌስትራ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ብሎኑ መልሶ መጥበቅ አለበት፤ በዚያ ሰበብ ይመልሳትና ይፈታዋል። ይፈታዋል፣ ያንጠለጥለዋል፣ ይመታዋል። ከዚያስ? እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ገመዱ ብቻ ወደሚንቀጠቀጥበት ዝምታ ይገባና መውጫ ያጣል። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ደግሞ ዳገቱ ይመጣበታል። በአንድ በኩል ገደል ነው። ባሌስትራ ዳገት ላይ ከነጭነቱ ከተሰበረ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው አክስል ይሸሻል፤ መኪናዋ ወደተሰበረው ጎን ታጋድላለች። ሴቶቹ የሚቀመጡት ከነዚያ ብረቶች በላይ ነው። መሪውን የያዘችው ልጁ ናት።

ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ተነሥቶ ወጣ። ሴቶቹ የሚሳፈሩት ዳቦ ቤቱ አጠገብ ነው። ሲደርስ የመጨረሻዋ ሴት ጎማውን ረግጣ ስትወጣ፣ ሌሎቹ እጇን ይዘው ሲስቧት አየ። በርሜሎቹ ተጭነዋል። የጢስ ማውጫው ይጨሳል። ሮጠ፤ ጉልበቱ ከፈቀደለት በላይ ሮጠና ከፒክአፗ ፊት ቆሞ ሁለት እጁን የሞተሩ ክዳን ላይ ጣለ። የሞተሩ መንቀጥቀጥ በመዳፉ ይሰማዋል። ልጁ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ትናገራለች፤ ገና አልነጋምና ከንፈሯ አይነበብም።

«ሞተሩን አጥፊው!» አለ።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ልጁ ወርዳ መጣች።

«ምነው አባዬ? ላብህ እኮ! ስለ ብሎኑ ከሆነ ማታ አመጣታለሁ ብዬህ የለ?»

«ሰዎቹን አውርጃቸው።»

«ለምን?»

ውሸቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ብሎኑን ሳላጠብቀው ረስቼ ነው ቢል ማንም አይጠራጠረውም፤ ይሳቅበታል፤ ያልፋል። ቀና ሲል ሴቶቹ ሁሉ ከላይ ሆነው ያዩታል። እታለም በርሜሉን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከተጨመረው ብረት በላይ።

«ትናንት ብረቶቹን አልሰማኋቸውም» አለ። «መታኋቸው እንጂ አልሰማኋቸውም። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ደብቄያችሁ ነው።»

ማን ምን እንዳለ አያውቅም። ያየው ልጁን ብቻ ነው። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር፤ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት... ይበልጣል መሰለኝ።»

«ስንት መኪና አባዬ? ስንት መኪና እንዲህ አሳልፈሃል?»

«እኔንጃ ልጄ።»

ከላይ አንዷ ሴት እጇን እያወናጨፈች ተናገረች። «እና ዛሬ ሥራ የለም በሉኛ!» ማለቷ ነበር፤ ይህን በኋላ ልጁ ናት የነገረችው። እታለም ግን ተነሥታ ጎማውን ረግጣ ወረደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እታለም መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ትናንት እንዳትገለበጥብን ብዬ ስጠይቅህ፣ ልክ ብለሻል ያልከኝ ምኑን ነው?»

«ያልሽውን አልሰማሁም ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ተቆጥታ ይሁን አዝና አልለየለትም። «እንኳን ደረስክ» አለችና ሴቶቹን ይዛ በእግሯ ወደ ዳገቱ ሄደች።

አባትና ልጅ ፒክአፗን ቀስ አድርገው ወደ ጋራዡ መለሷት። ልጁ መፍቻውን ስታዞር ከወትሮው በኃይል ነው፤ ብሎኑን ስታወልቅ ሣጥኑ ውስጥ ትወረውረዋለች። ብረቶቹን አንጠለጠለች። መዶሻውን አቀበላት። ብረት ሲመታ ፊት ማየት ለምዷልና ዓይኑ ወደ ፊቷ ሄደ።

እጇ አየር ላይ ቆመ። አየችው፤ ቆይታም ገባት። በያጁ የሚቀመጥበትን ባዶ ጥግ ተመለከተች፤ ወደ አባቷ ተመለሰች።

«ፊቴን አትመልከት» አለችው። «እኔ እነግርሃለሁ።»

ጀርባውን ሰጣት። ግድግዳውን እያየ ቆመ። እያንዳንዱን ብረት መትታ ስትጨርስ ዞራ ፊቱ ትመጣና «ደህና» ትለዋለች፤ ትመለሳለች። ደህና። ደህና። የቀኙ ጎን አለቀ። በግራው ጎን፣ ከክምሩ የመረጠው ብረት ላይ ስትደርስ ዘገየች። አልመጣችም። ጋሼ ጆሮ ግድግዳው ላይ ያለውን የዘይት እድፍ እያየ ጠበቀ። በመጨረሻ እጇ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ታንቋል» አለችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ሦስቴ መታሁት አባዬ። ታንቋል።»

ብረቱን አወረደው። ናፍጣ አፈሰሰበት፣ ጠረገው፣ ከዚያ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ካለው ሱቅ ጠመኔ አስመጣ፤ ራሱ ፈጭቶ ነሰነሰው። ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ቆይቶ፣ ከመሃሉ ብሎን ቀዳዳ አጠገብ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ነጩ ላይ ብቅ አለ። እየረዘመ ሄደ፤ የብረቱን ወርድ ግማሽ አልፎ ቆመ። ጋሼ ጆሮ ጣቱን አስጠግቶ ሳይነካው መለሰ።

ሚስቱ ቁርስ ይዛ ስትመጣ እንዲያው እንደተቀመጡ ደረሰችባቸው። ዱቄቱን አየች፤ የልጇን ዓይን አየች። ከዚያ እንደ ልማዷ ዞራ ፊቱ ቁጭ አለች።

«ጆሮዬ...» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ማንቆርቆሪያው ሲንደቀደቅ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ውሃው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋ ስታየው አላውቅም እንዴ?»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?» አለችው። «አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነው እኔስ፣ ስዞርህ የኖርኩት። የቤት ውስጥ ነገር መስሎኝ ነበር። ለብረቱ ሌላ ዘዴ ያለህ መስሎኝ ነበር።» መጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ እንደተሰበረ ከአንገቷ አወቀ። ፍቅር መስሎት ደስ ሲለው የኖረው ነገር ትዝ አለው፤ ፍቅርም እንደነበር አሁን ገባው። ምግቡን ፈትታ፣ ቆርሳ ለሁለቱም አቀረበች። በሉ።

ያን ቀን ሌላ ብረት ተመረጠ፤ ልጁ መታችው፣ እሱ በጠመኔ አየው። ሁለቱም ደህና ሲሉት ገባ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ሳምንታት በፊት የሠራላቸው ሾፌሮች ሲያልፉ ባየ ቁጥር መንገድ ላይ ወጥቶ ያስቆማቸው ጀመር። «መልሰህ አምጣት፤ እንደገና ላያት» ይላቸዋል፤ ለምን ሲሉትም እውነቱን ይነግራቸዋል። አንዳንዱ ሰድቦት ሄደ፤ ዳግም አልመጣም። አንዱ ጎማ ጠጋኝ «ጋሼ ጠመኔ» ብሎ ሊጠራው ሞክሮ ነበር፤ ሌሎቹ ስላልተቀበሉት ቀረ። መኪናቸውን የመለሱትም አሉ። በያጁ ከሐኪም ተመልሶ ነገሩን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ጭምድድ እንዳለ ዋለ።

ይህ ግን በኋላ ነው። ፒክአፗ እንደገና በተነሣችበት ማግስት፣ ገና በማለዳው፣ ጋሼ ጆሮ መፍቻውን ይዞ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ቆሟል። ልጁ ከፊት አጠገቧ እንዲቀመጥ በሩን ከፈተችለት።

«አይ፣ እኔ ከኋላ ነኝ» አላት። «በግራ በኩል።»

«አባዬ፣ አሁን እኮ ፈትሸነዋል።»

«ፈትሸነዋል። ግን እዚያው ልሁን።»

ጎማውን ረግጦ ወጣ፤ እታለም እጇን ዘርግታ ሳበችው። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት፤ ማንም ግን አልቀለደም። ፒክአፗ አስፋልቱን ጨርሳ ዳገቱን ያዘች። ጋሼ ጆሮ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳርፎ፣ ጎማው በየጉድጓዱ ሲገባና ሲወጣ ባሌስትራው ሲተነፍስ ከሥሩ ይሰማዋል። የገጠጡት ድንጋዮች መጡ። ከጎን አጎንብሶ አየ፤ ከሆዷ በታች አንድ በአንድ አለፉ። አንድ ትልቅ ሹል ሲመጣ ይበልጥ አጎነበሰ። ያም አለፈ። መኪናዋ ወደ ግራ አጋደለች፤ ሴቶቹ ተያያዙ፤ ተመልሳ ቀና አለች። ከሥሩ ያለው ብረት ያንኑ ትንፋሹን ተነፈሰ።

ከፊቱ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ወደ እሱ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለች። የፀሐዩ ብርሃን ከኋላዋ ነውና ከንፈሯ ጨልሟል። ሌሎቹ ሳቁ። ጋሼ ጆሮም ፊቱ ለሳቅ ተሰናድቶ፣ «እህ» የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰው።

«አልሰማሁሽም ልጄ፤ ድገሚልኝ» አለ። እጁንም ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሁሉም እያዩት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ብርሃኑ መልሳ ጮክ አለች። «ጋሼ፣ ምሳዬ ላይ ነው እኮ የተቀመጡት!»

ብድግ አለ። የተጨፈለቀውን የፌስታል ጥቅል ከሥሩ አንስቶ፣ አራግፎ፣ በሁለት እጁ ሰጣትና «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አላት። እታለም በርሜሉን ይዛ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። እሱ ግን ቦታውን አልለቀቀም፤ እዚያው በግራው ጎን መልሶ ተቀመጠና መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ።